የከርነሉ ቀንና የስማዳ ዘር

እደላውን የሚመራው ጓድ በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ እንኳን ሳይገባ፣ «ነገ ስድስት ሰዓት» አለ። «ዝርዝሩ ከወጣ መኪኖቹ ዘሩን ይዘው ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ይሄዳሉ። ካልወጣ ዘሩ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።»

ሌላ ቦታ የት እንደሆነ አልተናገረም። በከተማችን በመካነ ኢየሱስ ግን የማያውቅ የለም። ከከተማው በላይ ያለው የሚሊሺያ ማሠልጠኛ ስንቅ ካለቀበት ሳምንት ሆኖታል። እዚያ የገባ ገብስ አይዘራም፣ ይበላል።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። የተመረቅሁት በስታቲስቲክስ ነው። ኮምፒዩተር ሁለት ኮርስ ወስጄ ነበርና ወረቀቴን ያየ ሰው «ይቺ ትችላለች» ብሎ የዘር እደላ ፕሮጀክት ላይ ጣለኝ። መቻሌን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልችልም አላልኩም፤ ጥፋቴ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስማዳ ገበሬዎች ባለፈው ዓመት ዘራቸውን በልተው ጨርሰዋል። ለያንዳንዱ ቤት ስንት ቁና የዘር ገብስ እንደሚደርስ የተመዘገበው በአሮጌው ኮምፒዩተራችን ላይ ነበር። የወረቀቱ መዝገብ «ለማጣራት» ተብሎ ወደ ላይ ከተላከ ወዲህ ደብዛው የለም፤ የቀሩን ዲስኬቶቹ ብቻ ናቸው። አሮጌውን ማሽን ደግሞ ጄኔሬተሩ አቃጠለው። አዲስ ተላከልን፤ ግን ከሌላ ሲስተም ጋር። የመዝገቡ ፕሮግራም በአዲሱ ሲስተም አይሠራም፣ የሚያውቀው አሮጌውን ብቻ ነው።

መፍትሔው ማኑዋሉ ላይ አለ። አዲሱ ሲስተም በሆዱ ውስጥ ሌላ ማሽን ያለ አስመስሎ አሮጌውን ሲስተም እዚያ ውስጥ ያስነሳዋል። ይህን የሚያስተዳድረውን ክፍል ሃይፐርቫይዘር ይሉታል፤ ውስጥ ሆኖ የሚሠራውን እንግዳ ይሉታል። እንግዳው የራሱ ማሽን ያለው ይመስለዋል እንጂ የሚያገኘው የተፈቀደለትን ነው። ስንት ሜሞሪ ይሰጠው፣ ፕሪንተሩን ይንካ አይንካ፣ ሰዓቱን ከየት ይውሰድ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው የሲስተሙ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ ነው። ምርጫዎቹን አንድ ፋይል ላይ ትጽፊያለሽ፣ ከርነሉን እንደገና ታሠሪያለሽ፣ ማሽኑን አጥፍተሽ ታስነሺያለሽ። በቃ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው።

ጓዱ ከሄደ በኋላ የመጀመሪያውን ሞከርኩ። ሜሞሪውን ከፍ አድርጌ ጻፍኩ፣ ፕሪንተሩን ፈቀድኩ፣ ከርነሉን አሠራሁ፣ አስነሳሁ። እንግዳው ተነሳ። ፕሮግራሙን ስጠራው «ሜሞሪ አይበቃም» አለኝ።

ጨመርኩለት። አሠራሁ፣ አስነሳሁ። «ሜሞሪ አይበቃም።»

ደጃፉ ላይ ከስማዳ የመጣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ተቀምጧል። ከአንድ ቀን በላይ በእግሩ ተጉዞ ነው የደረሰው። የሱ ማኅበር ዝርዝር ካልወጣ ላይመለስ ለሰዎቹ ቃል ገብቶ መጥቷል። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወደ ማሽኑ አንገቱን ያሰግጋል።

«እታለም፣ ይኸ ሳጥን ስማችንን ዋጠው ወይስ ገና እያላመጠ ነው?»

«እያላመጠ ነው።»

«እንግዲያ ተይው ያመንዥክ። ላምም ሳታመነዥክ አትታለብ።»

«የስማዳ ላም ትሆናለች» አሉ ጋሼ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ። «የእኛ የእስቴ ላም እያመነዠከችም ትታለባለች።»

«መሪጌታ፣ የእስቴ ላም ምን ወተት አላት? የምትታለበው ውኃ።»

ጋሼ የምላቸው የቢሮውን ጸሐፊ ነው። ስልሳ ያለፉ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መሪጌታ አይደሉም፤ ገበሬው ግን እጃቸው ላይ ብዕር ካየ ሌላ ስም አይሰጣቸውም። ማህተሙም ማሽኑም በሳቸው ኃላፊነት ነው። ማለዳ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ማሽኑን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ ከሳቸው በፊት ማንም ኪቦርዱን አይነካም።

ለሦስተኛ ጊዜ አሠራሁ። «ሜሞሪ አይበቃም» ሲለኝ ኪቦርዱን በመዳፌ መታሁት።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። «ንብረት ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ማለዳ ማለዳ ምንድን ነው የሚነካኩት? የሆነ ነገር አበላሽተዋል።»

እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፤ ሰው ፊት። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉትና መልሰው አደረጉት። «የምነካውን አውቄ ነው የምነካው» አሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ናፍጣው አለቀና ማሽኑ ጠፋ። የሚሰጠን ናፍጣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ነው። ከዚያ በኋላ ብታለቅሺም ጄኔሬተር የለም።

ከሰዓት በኋላውን ማኑዋሉን ሳገላብጥ ዋልኩ። ከደብረ ታቦር በኩል ደመና እየከበደ ነበር። ዝናቡ ከቀደመ የወገዳው መንገድ ጭቃ ነው፤ የጫነ መኪና አያልፍበትም። አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ አረፈ። ከርነሉን ማሠራት አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ይላል። የኔ በሁለት ደቂቃ ነው ያለቀው። ሦስቱንም ጊዜ። እኔ ደግሞ «ፈጣን ማሽን ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማለት ከርነሉ ጭራሽ አልተሠራም። ለምን እንዳልተሠራ ግን ማኑዋሉ አይናገርም።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ከጋሼ ቀድሜ ደረስኩ። ሊቀመንበሩ ከኔም ቀድሞ ደርሷል። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ጋሼ ገብተው ሰላም ሳይሉኝ ማሽኑን ከፈቱ። ሲስተሙ ሲነሳ የዕለቱን ቀን ይጠይቃል። ትናንት በተነሳ ቁጥር ይህን ጥያቄ ሳላነብ ኢንተር እየመታሁ ነበር የማልፈው። ጋሼ ግን ጣታቸውን እየላሱ እንደ ዳዊት ገጽ በጥንቃቄ ጻፉት። ወር ዘጠኝ፣ ቀን ሃያ ሦስት። ግንቦት ሃያ ሦስት። ዓመቱን የኛን ዓመት። ሰዓቱን ሁለት ተኩል።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁልጊዜ ነው የሚጽፉት?»

«እና ማን ሊጽፈው ነው?» አሁንም ተቀይመውኛል። «ደረሰኙ ላይ ቀን ይወጣል። የኛ ቀን ካልሆነ ሒሳብ ክፍል አይቀበልም። ጥቅምት ሠላሳን እምቢ ይለኛል፣ ያን ዕለት ሃያ ዘጠኝን ደግሜ እጽፋለሁ። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም፤ አምስቱን ቀን በነሐሴ ሠላሳ አቆመዋለሁ።»

ፋይሎቹን ዘርዝሬ አየሁ። በያንዳንዱ ፋይል አጠገብ የተጻፈበት ቀን አለ። ከፋብሪካ የመጣው ከርነል የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ትናንት የጻፍኩት የምርጫ ፋይል ደግሞ በጋሼ ቀን። ማሽኑ ሁለቱንም በፈረንጅ ነው የሚያነባቸው፤ ስለዚህ ትናንት የጻፍኩት ፋይል ከፋብሪካው ከርነል ሰባት ዓመት ያህል ያረጀ ሆነ።

ከርነሉን የሚያሠራው ፕሮግራም ደግሞ ሰነፍ ነው። የምርጫውን ፋይል ቀንና የከርነሉን ቀን ያስተያያል። ምርጫው አዲስ ከሆነ ይሠራል። ካረጀ «ይኼ ድሮ ተሠርቷል» ብሎ ይተኛል። ሦስት ጊዜ ተኝቷል። ትናንት ኪቦርድ ስደበድብ እሱ ተኝቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀኑ በፈረንጅ መሆን አለበት። አሁኑኑ።»

«አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ለዚህ ነው እኮ…»

«ሰምቻለሁ። አይሆንም። አምና አንድ ደረሰኝ በፈረንጅ ቀን ወጥቶብኝ አውራጃ ጠርተውኝ ግማሽ ቀን ቆሜአለሁ። 'የማን ዘመን ነው የምትጽፍ?' አሉኝ። እነሱ ሳቁ፣ እኔ አልሳቅሁም። ፊርማው የኔ ነው ልጄ፣ ያንቺ አይደለም።»

ሰዓቴን አየሁ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ። መጮኽ አማረኝ፤ ትናንት ጮኼ ምን እንዳገኘሁ ስላወቅሁ ተውኩት። ሊቀመንበሩ ከደጃፉ ተነስቶ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ጋሼን እጅ ነሣ።

«መሪጌታ» አለ፣ «እኔ የቀኑን ነገር አላውቅም። እኛ ዘንድ ሰኔ ከገባ ያልተዘራ አይዘራም። ይኸን ብቻ አውቃለሁ።»

ጋሼ ወንበራቸውን ከማሽኑ ፊት ገለል አደረጉ። «የውጪው ማሽን የፈለገውን ይበል» አሉ። «ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ቀን ግን የኛ ይሁን። ማህተም የምመታበት እሱ ላይ ነው። ሰማሽኝ?»

«እሺ፣ እሺ» አልኩ። አልሰማኋቸውም። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

ቀኑን በፈረንጅ አስተካከልኩ፣ የምርጫውን ፋይል ከፍቼ እንደገና አስቀመጥኩትና ከርነሉን አሠራሁ። ይኼኔ ማሽኑ ያንጎራጉር ጀመር። መስመር በመስመር እየጻፈ ይሄዳል። አርባ ደቂቃ፣ ልክ እንደተባለው። ሊቀመንበሩ ቆሞ ያያል፣ ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውን መዝገብ ያሰምራሉ። ተሠራ። አስነሳሁ። እንግዳው ተነሳ። ፕሮግራሙን ጠራሁት። ተከፈተ።

«ዝርዝር አትም» የሚለውን መታሁ። ፕሪንተሩ ተንቀሳቀሰ፣ የገበሬ ማኅበሩን ስም ጻፈ፣ ቀጥሎ «ጠቅላላ፦ ባዶ» ብሎ ወረቀቱን አውጥቶ ቆመ። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛውም።

«ምን ሆነ?» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ቀጠነ።

የሆነውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ፕሮግራሙ የሚያትመው ምዝገባው ካንድ ዓመት ያላለፈውን ሰው ነው። ምዝገባው በኛ ዘመን፣ የዛሬው ቀን በፈረንጅ። ለፕሮግራሙ የስማዳ ሰው ሁሉ ከተመዘገበ ስምንት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ነው፣ ሁሉም አልፎበታል። እንግዳው ሰዓቱን ከየት ይውሰድ የሚለውን ምርጫ እንደነበረ ትቼዋለሁ፤ እንደነበረ ማለት ከውጪው ማሽን ይቀዳል፣ ከውስጥ ሆነሽ ልቀይረው ብትዪ አይቀየርም። ጋሼ «የዝርዝሩ ቀን የኛ ይሁን» ያሉት ይኼንኑ ነበር። ለማህተማቸው ብለው ይሁን እንጂ ያሉት ትክክል ነበር። ብሰማቸው ኖሮ ሁለቱንም አንዴ አሠራው ነበር።

«ጋሼ፣ ሌላ አርባ ደቂቃ ያስፈልገኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። የነገሩኝን አልሰማሁም።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ሰዓቱን በከንቱ አታጥፊው» አሉ። «ይቅርታውን በኋላ ትጠይቂያለሽ።»

«እንግዳው የራሱን ሰዓት ይያዝ» የሚለውን መረጥኩ። እንደገና አርባ ደቂቃ። በዚህ መሀል ውጪ መኪኖቹ መጡ፣ የጫኞቹ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ኩንታል ሲጣል መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ለማን እንደሚጭኑ ገና አያውቁም። አምስት ሰዓት ላይ እንግዳው ተነሳ። ለእንግዳው ጋሼ ራሳቸው ቀኑን ጻፉለት፤ ግንቦት ሃያ ሦስት። ውጪው ፈረንጅ፣ ውስጡ እኛ። ማተም ጀመረ።

ስም ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ዓሥር። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በጣቱ ነካው።

«ይኸ ምን ፊደል ነው?»

«የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ማሽኑ የኛን አይጽፍም።»

«ወገዳ ላይ ማን ሊያነበው ነው?»

«እኔ እጽፍበታለሁ» አሉ ጋሼ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ወረቀቱ ሲወጣ ጋሼ በያንዳንዱ ስም ጎን በእጃቸው በኛ ፊደል ይጽፋሉ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ፕሪንተሩ ግን ከሳቸው ብዕር ብዙም አይፈጥንም። አሥራ አንድ ገበሬ ማኅበር ነው፣ የሊቀመንበሩ የመጨረሻውና ከሁሉም ትልቁ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጓዱ መጣ። ስምንተኛውን ማኅበር እየጨረስን ነው።

«አለቀ?»

«ሦስት ይቀራል» አልኩት።

«ስድስት ሰዓት ነው ያልኩሽ።»

«ጓድ፣ ወረቀቱን እያዩት ነው፣ እየወጣ ነው። ናፍጣው ሰባት ሰዓት ድረስ አለ። አሁን ቢያቆሙኝ የሦስት ማኅበር ገብስ ወገዳ ደርሶ ባለቤት ያጣል።»

ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደደከመው ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው። ሰማዩን አየ። «ዝናብ ከጣለ መኪና አላስወጣም» አለ። «እስከዚያ ሥሩ።» ወጥቶ መኪናው ጥላ ሥር ቆመ።

አነባለሁ፣ ይጽፋሉ፣ ፕሪንተሩ ይጮኻል። ዘጠነኛው፣ አሥረኛው። የሊቀመንበሩ ማኅበር ሲጀምር አናቱ ላይ «ጠቅላላ፦ 112» ብሎ ወጣ። ሊቀመንበሩ ስሞቹን ስጠራ «አለ፣ አለ፣ አለች» እያለ ይከተለኛል፤ ፊቱ እየፈካ ነው። መቶ አምስተኛው ስም እንዳለቀ መብራቱ ብልጭ አለና ፕሪንተሩ ቆመ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

ሰባት ስም ቀርቷል። ናፍጣ ነገ ነው የሚገኝ፣ ነገ ደግሞ መኪና የለም።

«ሊቀመንበር» አልኩ፣ «ሰዎችህን ታውቃቸዋለህ?»

«እንዴት አላውቅ?»

«የተጠሩትን ሰምተሃል። ያልተጠሩትን ሰባት ንገረን።»

ዱላውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰፈሩን በሐሳቡ እየዞረ ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከላይኛው መንደር ሁለት ጠራ። ከወንዙ ማዶ ሦስት። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሁለት። ጋሼ ከነቁናቸው በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፏቸው። ሰባት ሞላ። ጋሼ ብዕራቸውን ሊከድኑ ሲሉ ሊቀመንበሩ ዓይኑን ሳይገልጥ ስምንተኛ ስም ጠራ። የሴት ስም ነው።

ብዕሩ አየር ላይ ቆመ።

«ሰባት ነው የቀረው» አሉ ጋሼ።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ገለጠ። «በምዝገባው ዕለት ወባ ጥሏት ነበር። ልጇን ለውትድርና ወስደዋል። እኔ ነኝ ያላስመዘገብኋት፣ ረስቻት።» ድምፁን አልለወጠም፣ አልለመነም። «ካልተጻፈች ከኔ ድርሻ እሰጣታለሁ። ግን የኔም ለዘጠኝ ነፍስ ነው።»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ማህተሙ የሳቸው ነው፣ ዝርዝሩ ግን በኔ ስም ነው የሚወጣው፤ «አዘጋጅ» የሚለው ቦታ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። አናቱ ላይ ማሽኑ ያተመው 112 አፍጥጦ ይታያል። በስታቲስቲክስ የተማርኩት መጀመሪያ ነገር ያልተቆጠረን አትጨምሪ የሚል ነው።

«ይጻፉ» አልኩ።

ጻፉ፤ እኔም ፈረምኩ።

ጓዱ ገባ። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። የመጨረሻው ማኅበር ላይ ሲደርስ በእጅ የተጻፈውን በጣቱ እየነካ ቆጠረ፣ ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ አናቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አየ።

«ይኼኛው ስንት ሰው ነው?»

ጋሼ መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል።

«መቶ አሥራ ሦስት» አልኩ።

«እዚህ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው።»

«ማሽኑ ሳይጨርስ ነው የጠፋው፣ ጓድ። በእጅ ያለው ነው ትክክሉ። ፈርሜበታለሁ።»

ሁለቱም እውነት ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ውሸት ናቸው። ያንን እሱም አውቋል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ከቁጥሩ ላይ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ውጪ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ሌላ።

«እስክሪብቶ» አለ።

ሰጠሁት። ፈረመ። ጋሼ ማህተሙን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርገው መቱ። ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ ከተተው፣ ሮጦ ወጥቶ የፊተኛው መኪና ኩንታሎች ላይ ተሰቀለ። መኪኖቹ የወጡት ዝናቡ እየተንጠባጠበ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወገዳ መግባታቸውን ሾፌሩ ሲመለስ ነገረን፤ አንድ ሌሊት ጭቃ ውስጥ አድረዋል፣ ላስቲክ ስለለበሰ ገብሱ አልራሰም።

ስለ ስምንተኛዋ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። የሚጠይቅ ከመጣ የምመልሰውን አዘጋጅቻለሁ፤ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ።